ፍላሽ ምንድን ነው? ስለ አንዲት ትንሽ አቁማዳ

ደብረ ማርቆስ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ተራዬን እየጠበቅኩ ነበር። ከፊቴ ያለው ልጅ ከቁልፉ ጋር ያንጠለጠላትን ፍላሽ ፈቶ ሰጠ። ልጅቷ ሰካችና ስክሪኑን አየች።

“ሾርትከት ብቻ ነው ያለው።”

“እንዴ! ማታ ራሴ ነኝ እኮ ኮፒ ያደረግኩት። መመረቂያ ጽሑፌ ነው!”

“ፎርማት ላድርግልህ?”

ልጁ ግራ ተጋብቶ እሺ ሊል ሲል እኔ ሳላስበው “ቆይ፣ ቆይ!” አልኩ። ፎርማት ማለት እኮ ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ ማዘጋጀት ነው።

ወደ ልጁ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ይቺ የሁላችንም ኪስ ውስጥ ያለች ነገር ምን እንደሆነች እንነጋገር።

ፍላሽ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ፣ መረጃ የሚይዝ ትንሽ ዕቃ ነው። ብትፈቱት ውስጡ ብዙ ነገር የለም። መረጃ የሚይዝ ቺፕ፣ እሱን የሚቆጣጠር ሌላ ቺፕ፣ መሰኪያው፣ አንዳንዴም ብልጭ ድርግም የምትል መብራት። የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ከጠረጴዛ ቢወድቅ እንደ ሃርድ ዲስክ አያስደነግጥም። መረጃው የሚቀመጠው በጣም ጥቃቅን በሆኑ ቢሊዮን ክፍሎች ውስጥ፣ በኤሌክትሪክ ቻርጅ መልክ ነው። ፍላሹ ሲነቀል ቻርጁ እዚያው ተዘግቶበት ይቀራል።

ሐሳቡ የጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ ነው። ቶሺባ ውስጥ እየሠራ እ.ኤ.አ. በ1984 ለሙያ ባልደረቦቹ አቀረበው። ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ፍላሽ ገበያ ላይ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ያኔ አይቢኤም የሸጠው 8 ሜጋ ብቻ ነበር የሚይዘው። እንዳትስቁ። ፍሎፒ ዲስክ 1.44 ሜጋ በሚይዝበት ዘመን 8 ሜጋ ጉድ የሚያሰኝ ነበር። ዛሬ በስልክ የተነሱ ሁለት ሦስት ፎቶዎች ይሞሉታል።

እንግዲህ ያ ቻርጅ እንደተዘጋበት ለዘላለም አይኖርም። በጻፋችሁና ባጠፋችሁ ቁጥር ክፍሎቹ በጥቂቱ ያረጃሉ። ማንበብ ብዙም አይጎዳቸውም፤ የሚያደክማቸው መጻፉ ነው። ደግሞ ፍላሹን መሳቢያ ውስጥ ጥላችሁ ለዓመታት ብትረሱት ቻርጁ ቀስ እያለ ይሾልካል። ለዚህ ነው እኔ ፍላሽን አቁማዳ የምለው። ገበሬ እህሉን ወፍጮ ቤት በአቁማዳ ያደርሳል። የከርሞ ዘሩን ግን አቁማዳ ውስጥ አያከርምም፤ ለዘር ጎተራ አለው። እኛ ግን የልጅ ክርስትና ፎቶ፣ የአምስት ዓመት የሥራ ሰነድ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ አንዲት ፍላሽ ላይ ጭነን ተኝተን እናድራለን።

አሁን ወደ ገበያው እንውጣ። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ከመንገድ ላይ ሻጭ “2 ቴራ” (ሁለት ሺህ ጊጋ ማለት ነው) የተጻፈበት ፍላሽ ገዛሁ። ዋጋው የደህና 32 ጊጋ እንኳን አይሆንም። ኮምፒውተሩ ላይ ስሰካው በእርግጥም 2 ቴራ ብሎ አሳየኝ። የእህቴን ሠርግ ቪዲዮ በሙሉ ገለበጥኩበት፣ የስልኬንም አጠፋሁ። ከወር በኋላ ስከፍተው የፋይሎቹ ስም አለ፣ መጠናቸውም አለ። የሚጫወቱት ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት ጭጭ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውስጡ ያለው ቺፕ ትንሽ ነው፣ 8 ጊጋ ሊሆን ይችላል። መቆጣጠሪያው ግን “2 ቴራ ነኝ” ብሎ እንዲዋሽ ተደርጓል። 8ቱ ሲሞላ ፍላሹ አላቆመም። የሚመጣውን መቀበሉን ቀጥሎ ወይ በፊተኛው ላይ ደርቦ ይጽፈዋል፣ ወይ ዝም ብሎ ይጥለዋል። ኮምፒውተሩም ተገልብጧል ብሎ ያምናል።

ጤፍ ስትገዙ ከጆንያው አፍ ላይ ብቻ አይታችሁ ትከፍላላችሁ? እጃችሁን ሰድዳችሁ ከታች ዘግናችሁ ታያላችሁ እንጂ። ፍላሽም እንደዚያ ነው። አዲስ ስትገዙ መጀመሪያ እስከ አፉ ሙሉት። ከዚያ ፍላሹን ነቅላችሁ፣ መልሳችሁ ሰክታችሁ መጀመሪያም መጨረሻም ላይ የገለበጣችኋቸውን ፋይሎች ክፈቱ። ኤችቱቴስትደብልዩ (H2testw) የሚባል ነፃ ፕሮግራም ይህንኑ በራሱ ይሠራዋል፤ ፍላሹን ይሞላና መልሶ እያነበበ ያመሳክራል። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ከእህት ኩርፊያ ይሻላል። አስተማማኝ ሱቅ ካገኛችሁ ደግሞ “ካልሠራ እመልሳለሁ” ተባባሉና ግዙ።

64 ጊጋ ገዝታችሁ 59 ነገር ቢያሳይስ? ያኔ አልተሸወዳችሁም። ፋብሪካው አንድ ጊጋን ሺህ ሜጋ ብሎ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ ደግሞ 1024 ሜጋ ብሎ። ልዩነቱ የመጣው ከቆጠራው ነው።

ስንት ጊጋ ልግዛ ለሚል ሰው፦ ለሰነድ 16 ወይም 32 ይበቃል። ለቪዲዮ 64 ወይም 128። ከመጠኑ ይልቅ ፍጥነቱን ብትጠይቁ እመርጣለሁ። ብዙዎቹ ርካሽ ፍላሾች ዩኤስቢ 2 ናቸው፤ ሲጽፉ ይንቀራፈፋሉ። በሰከንድ 8 ሜጋ የሚጽፍ ከሆነ 8 ጊጋ የሠርግ ቪዲዮ ለመገልበጥ 17 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። በዚህ መሀል መብራት ሊሄድ ይችላል፤ ጎጃም ውስጥ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዩኤስቢ 3 ብዙ ጊዜ የመሰኪያው ውስጡ ሰማያዊ ነው፤ ግን ኮምፒውተሩም የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ከሌለው ጥቅሙ ይቀንሳል። በአንድ ጎኑ ታይፕ ሲ ያለው ባለ ሁለት አፍ ፍላሽ ደግሞ ስልክ ላይም ይሰካል። ዳታ በማይሠራበት ጊዜ ከስልክ ወደ ስልክ ብዙ ቪዲዮ ለማሻገር እሱን የመሰለ የለም።

አንድ ሌላ የሚያናድድ ነገር አለ። ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ “ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው” ይላችኋል። ፍላሹ ፋት32 በሚባል አሠራር ስለተዘጋጀ ነው። ፋት32 ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት በሚባለው ሌላ አሠራር ፎርማት ብታደርጉት ይቀበላል። የመኪና ቴፕና አሮጌ ቲቪ ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቁት ፋት32ን ብቻ ነው። ለመዝሙርና ለዘፈን የሚሆነውን እንዳለ ተዉት።

ነቀላውስ? ፍላሹ ላይ ከመረጃው ሌላ “የትኛው ፋይል የት አለ” የሚል መዝገብ አለ። መብራቷ እየበራች እየጠፋች ሳለ መንጭቃችሁ ስትነቅሉት ይህ መዝገብ ግማሹ ተጽፎ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ስትሰኩት ፎርማት ካላደረግክ አልከፍትም ይላል። ኢጀክት ማድረግ፣ ማለትም ከመንቀላችሁ በፊት ኮምፒውተሩን ማስፈቀድ፣ ሦስት ሰከንድ ነው። ፋይል ስታጠፉም የሚሰረዘው መጀመሪያ ከመዝገቡ ነው፤ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ብዙ ጊዜ እዚያው አለ። በስህተት ያጠፋችሁት ካለ ምንም አትጻፉበት፤ በመመለሻ ፕሮግራም ሊገኝ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ፣ መምህራን! የፈተና ወረቀት የነበረበትን ፍላሽ “አጥፍቼዋለሁ” ብላችሁ ለተማሪ አታውሱ።

ወደ ልጁ እንመለስ። የያዘው ሾርትከት ቫይረስ የምንለው ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለ ኮምፒውተር በቀን የስንቱ ሰው ፍላሽ ይሰካበታል፤ አንዱ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ይዞ ይሄዳል። ቫይረሱ ፋይሎቹን አያጠፋቸውም። ይደብቃቸውና በስማቸው ሾርትከት፣ ማለትም ፋይሉን የሚመስል ግን ወደ ሌላ ነገር የሚመራ ምልክት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትነኩ እሱ ይነሳል። ስለዚህ አትንኩት፣ ፎርማትም አታድርጉ። መጀመሪያ በአንቲቫይረስ አጽዱት። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ። ካልታዩ “የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ” የሚለውንም ምልክት አንሱ፤ ቫይረሱ እንደ ሲስተም ፋይል አስመስሎ ስለሚደብቃቸው ነው።

ልጅቷ ያልኳትን አደረገች። የልጁ ጽሑፍ ደብዘዝ ብሎ ብቅ አለ። ልጁ ተነፈሰ። ስትከፍተው ግን አማርኛው በሙሉ የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆነ! ልጁ የጻፈው በቆየው የፓወር ግዕዝ ፊደል (ፎንት) ነው፣ እሷ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ያ ፊደል አልተጫነም። ይህ የፍላሽ ጥፋት አይደለም፤ ግን እግረ መንገዴን ልበለው። ለፕሪንት የምትወስዱትን ሁሉ ቤታችሁ ሆናችሁ ፒዲኤፍ አድርጉት። ለፕሪንት ብቻ የምትሆን አንዲት ትንሽ ፍላሽም ለዩ። ዋናው ፋይል ያለበት ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ አይድረስ።

“ሌላ ቦታ የለህም?” አልኩት።

“ላፕቶፔ ተበላሽቷል። ያለው እዚህ ብቻ ነው።”

ፊደሉን ፈልገን እስክንጭን ግማሽ ሰዓት ሄደ። እስከዚያው ቴሌግራሙን አስከፍቼ ፋይሉን ለራሱ አስላክሁት። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው። ላፕቶፑ ሲጠገን እዚያ አንድ ቅጂ፣ ቴሌግራም ላይ አንድ፣ ፍላሹ ላይ አንድ ይኖረዋል። ሦስት ቦታ ማለት ነው። ፍላሹ ከጠፋ በኋላ ቅጂ ፍለጋ መሮጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ጽሑፉ ታተመ፣ ተጠረዘ። ልጁ ከፍሎ፣ አመስግኖን እየሮጠ ወጣ። የኔ ተራ ደረሰና ፍላሼን ሰጠኋት። ልጅቷ ልትሰካው ጎንበስ አለችና ሳቀች። የልጁ ፍላሽ እንደተሰካ ነው።

“ጋሼ፣ ይሄንን ይዩልኝ” አለችና ከጠረጴዛው ሥር አንድ የጫማ ካርቶን አወጣች። ውስጡ የተረሱ ፍላሾች ናቸው። ቀይ፣ ጥቁር፣ የመስቀል ማንጠልጠያ ያለው፣ ክዳኑ የጠፋ። አንዱ ላይ ብቻ በፕላስተር ስልክ ቁጥር ተለጥፎበታል።

“የዚህ ባለቤት ነገ እመጣለሁ ብሏል” አለችኝ።