የአሜሪካ ሠራተኛ ማኅበራት ገንዘብ፤ መዋጮው፣ የመሪዎች ደመወዝና የፖለቲካ ወጪው

አሜሪካ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር አባል የሆነ ሰው የደመወዝ ወረቀቱን ሲያይ፣ ከግብሩና ከጤና መድኑ ሌላ አንድ ተጨማሪ ተቀናሽ ያገኛል፤ የዩኒየን መዋጮ። እድር እያየ ያደገ ሰው ወዲያው የሚያነሣውን ጥያቄ የአሜሪካ ሠራተኞችም ሲያነሡት ኖረዋል፦ ገንዘቡ ማን እጅ ነው? ማንስ ያዝዝበታል? ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ2013 የዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ነጂዎች ቲምስተርስ በሚባለው ትልቅ የሠራተኛ ማኅበር የአካባቢ ቅርንጫፍ፣ በሎካል 922 ሥር ማኅበር ሲመሠርቱ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። (ከኢትዮጵያው አዋጅ በስተቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመንግሥት ስታትስቲክስ መሠረት በ2024 የማኅበር አባላት 14.3 ሚሊዮን ነበሩ፤ ከተቀጣሪው ሁሉ 9.9 በመቶ ማለት ነው። በ1983 ድርሻቸው 20.1 በመቶ ነበር። አባሉ በቅርብ የሚያውቀው «ሎካል» የሚባለውን የአካባቢውን ማኅበር ቢሆንም መዋጮው እዚያ ብቻ አይቀርም፤ ከፊሉ ወደ ላይ፣ ወደ አገር አቀፉ ማኅበር ይሄዳል።

መዋጮው በየማኅበሩ ይለያያል። የጭነት መኪና ነጂዎችንና የመጋዘን ሠራተኞችን የያዘው ቲምስተርስ ከአብዛኛው አባል በወር የሁለት ሰዓት ተኩል ደመወዝ ይወስዳል፤ በሰዓት 20 ዶላር የሚያገኝ ሰው በወር 50 ዶላር ያዋጣል። የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር ደግሞ ከ1967 ጀምሮ ሳይነካ የቆየውን የሁለት ሰዓት መዋጮ በ2014 ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ያሳደገው የአድማ ፈንዱን ለማጠናከር ነው። ገንዘቡን ከደመወዝ ላይ ቆርጦ ለማኅበሩ የሚያስተላልፈው አሠሪው ሲሆን፣ የ1947ቱ የታፍት ሃርትሊ ሕግ ለዚህ የሠራተኛውን የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተመሳሳይ አሠራር አለው፤ ሠራተኛው በጽሑፍ ሲጠይቅ አሠሪው መዋጮውን ቆርጦ በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ያስገባል።

ወጪው በአብዛኛው ለተደራዳሪዎች፣ ለጠበቆችና ለቢሮ ሠራተኞች ይውላል። የማኅበር ጉልበት የሚለካው ግን በአድማ ፈንዱ ነው። በመስከረም 2023 የመኪና ሠራተኞቹ ሦስቱን የዲትሮይት ኩባንያዎች በአንድ ጊዜ ሲገጥሙ ካዝናቸው ውስጥ 825 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ለአድማ የወጣ ሰው በሳምንት 500 ዶላር ይከፈለው ነበር። በሦስቱ ኩባንያዎች ያሉት 146,000 ያህል አባላት ሁሉ ቢወጡ ወጪው በሳምንት 73 ሚሊዮን ይሆናል፤ ፈንዱም ሦስት ወር አይሞላም። ስለዚህ በሦስት ፋብሪካዎች፣ በ13,000 ያህል ሰዎች ብቻ ጀመሩና ቀስ እያሉ ሌሎቹን ጨመሩ። ስልቱን ብዙዎች በድፍረቱ ያደንቁታል፤ ለእኔ ግን ከድፍረቱ ይልቅ የገንዘብ ያዥ ሒሳብ ጎልቶ ይታየኛል።

ማኅበራቱ ደብተራቸውን ለሕዝብ የሚከፍቱት በገዛ ፈቃዳቸው አይደለም። ከ1957 ጀምሮ በሴናተር ማክሌላን የሚመራ ኮሚቴ፣ ሮበርት ኬኔዲን ዋና ጠበቃው አድርጎ፣ የማኅበራትን ጉድ በቴሌቪዥን ፊት አፈሰሰው። የቲምስተርስ ፕሬዚዳንት ዴቭ ቤክ ለቀረቡለት ጥያቄዎች ደጋግሞ «ራሴን አልወነጅልም» የሚለውን ሕገ መንግሥታዊ መብት ጠቀሰ፤ በኋላም የማኅበሩን ካዲላክ ሸጦ 1,900 ዶላር ኪሱ በመክተት ጭምር ተፈረደበት። የተካው ጂሚ ሆፋ በ1964 የጁሪ አባላትን (በችሎት ብይን የሚሰጡ ተራ ዜጎችን) በማባበልና በጡረታ ፈንድ ማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለ። በ1959 የወጣው የላንድረም ግሪፊን ሕግ የኮሚቴው ምርመራ ውጤት ነው።

ሕጉ በየዓመቱ የሒሳብ ሪፖርት ያስቀርባል። በዓመት 250,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚገባለት ማኅበር «ኤልኤም 2» የሚባለውን ረጅም ቅጽ ይሞላል፤ አነስተኞቹ አጫጭሮቹን። በኤልኤም 2 ላይ የእያንዳንዱ መሪ ስምና የተከፈለው ገንዘብ፣ ከ10,000 ዶላር በላይ ያገኘ ተቀጣሪ ሁሉ፣ 5,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆኑ ዋና ዋና ወጪዎችም ይዘረዘራሉ። ማንኛውም ሰው በሠራተኛ ሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ያነበዋል። ቀዳዳም አለው። የክልልና የከተማ መንግሥት ሠራተኞችን ብቻ የያዘ ማኅበር ቅጹን አይሞላም። ከዚህም በላይ መሪው ከሥራ ጊዜው ምን ያህሉን ለድርድር፣ ምን ያህሉን ለፖለቲካ እንዳዋለ በመቶኛ የሚገምተው ማኅበሩ ራሱ ነው።

ለመሪ ደመወዝ ሕጉ ጣሪያ አላበጀም። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሠራተኞች ማኅበር የሆነው ዩኢ መሪዎቹ በኢንዱስትሪው ከሚከፈለው ከፍተኛ የሠራተኛ ደመወዝ በላይ እንዳያገኙ በመተዳደሪያ ደንቡ ወስኗል። ሴሳር ቻቬዝ የመራው የእርሻ ሠራተኞች ማኅበር ለዓመታት ለሠራተኞቹ የከፈለው ከመኖሪያና ከምግብ ጋር በሳምንት 5 ዶላር ነው። በሌላው ጫፍ የ1980ዎቹ የቲምስተርስ ፕሬዚዳንት ጃኪ ፕሬሰር አለ፤ በዓመት ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፈለው ነበር። ይህን ያህል ያገኘው በአንድ ወንበር አልነበረም፤ በሎካሉም፣ በክልሉም፣ በአገር አቀፉም ሹመት ይዞ ከእያንዳንዱ ደመወዝ ይቀበል ነበር። የአንድ መሪን ገቢ ማወቅ የሚፈልግ አንድ ቅጽ አንብቦ መነሣት የለበትም።

ደመወዙ መጠነኛ ሆኖ ሌብነቱ በሌላ በር ሲገባም ታይቷል። የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ጌሪ ጆንስና ዴኒስ ዊልያምስ በ2021 የታሰሩት በፓልም ስፕሪንግስ ለቪላ ኪራይ፣ ለሲጋር፣ ለጎልፍና ለመጠጥ የወጣውን የአባላት ገንዘብ «የስብሰባ ወጪ» ብለው በማለፋቸው ነው። ጆንስ 28፣ ዊልያምስ 21 ወር ተፈረደባቸው። ከዚያ ቀደም የፊያት ክራይስለር ኃላፊዎች በጋራ የሥልጠና ማዕከሉ በኩል ለማኅበሩ ተደራዳሪዎች ገንዘብ ሲያቀብሉ ተገኝተዋል፤ ኩባንያው ጥፋቱን አምኖ 30 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። ማኅበሩ በፍርድ ቤት ተቆጣጣሪ ሥር ገባ፤ አባላትም በ2021 መሪያቸውን በቀጥታ ለመምረጥ ወሰኑ። ሾን ፌን በ2023 ያሸነፈው በዚሁ ምርጫ፣ ከ500 ባነሰ የድምፅ ልዩነት ነው። ከቅጹም ከደመወዝ ጣሪያውም በላይ መሪን የሚያርመው ይህ ይመስለኛል፤ ከፋዩ ሊያወርደው መቻሉ።

የፖለቲካው ገንዘብ ሁለት ኪስ አለው። አንደኛው ካዝናው፣ ማለት መዋጮው ነው፤ ሁለተኛው አባላት ወደውና ፈቅደው ለብቻው የሚያዋጡበት «ፓክ» የሚባለው የፖለቲካ ኮሚቴ ነው። ልዩነቱ የመጣው በጦርነቱ ዘመን ነው። በ1943 ኮንግረስ ማኅበራት ከካዝናቸው ለፌዴራል ምርጫ እንዳይሰጡ ሲከለክል፣ የልብስ ሰፊዎች መሪው ሲድኒ ሂልማን በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን ፓክ አቋቋመ። ታፍት ሃርትሊ ክልከላውን ቋሚ አደረገው። ዛሬም ለፌዴራል ዕጩ በቀጥታ መስጠት የሚቻለው ከፓኩ ብቻ ነው፤ ለአንድ ዕጩ በአንድ ምርጫ እስከ 5,000 ዶላር። ካዝናው ግን ለራሱ አባላት ቅስቀሳ ይውላል፤ ከ2010 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ ደግሞ ከዕጩው ጋር ሳይመካከር ያሻውን ያህል ማስታወቂያ ያሠራል።

ሁለቱ ኪሶች ሲደባለቁ መሪ ይወድቃል። በ1996 ሮን ኬሪ የቲምስተርስን ምርጫ አሸነፈ ተባለ፤ በኋላ የማኅበሩ ካዝና ለዴሞክራቶች ቅርብ ለሆኑ ድርጅቶች እንደሰጠ፣ በምላሹም ለኬሪ ዘመቻ ገንዘብ እንደመጣ ታወቀ። ምርጫው ተሰረዘ፣ ኬሪም ከማኅበሩ ተባረረ፤ በ2001 በሐሰት ምስክርነት ተከሶ ነፃ ቢወጣም።

ገንዘቡ በአብዛኛው ወደ ዴሞክራቶች ይሄዳል፤ የአባላቱ ድምፅ ግን እንዲያ አንድ ወጥ አይደለም። በ2024 ቲምስተርስ አባላቱን ባስጠየቀ ጊዜ ወደ 60 በመቶ የሚሆኑት ትራምፕን መረጡ፤ ማኅበሩም ማንንም ሳይደግፍ ቀረ። ለማይደግፉት ፖለቲካ መክፈል የማይሹትን በተመለከተ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 በቤክ ጉዳይ (ይህ ቤክ ሌላ ሰው ነው፤ የቲምስተርሱ ዴቭ ቤክ አይደለም) አባል ያልሆነ የግል ኩባንያ ሠራተኛ ከድርድር ወጪው ድርሻ በላይ እንደማይገደድ ወሰነ። በ2018 በጃነስ ጉዳይ ደግሞ፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ አባል ያልሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች ምንም እንዳይቆረጥባቸው አደረገ። ማኅበራቱ ሳይከፍል በድርድሩ ውጤት የሚጠቀም በዛ ይላሉ፤ ሙግታቸው መሠረት አለው፣ ሕጉ ለማይከፍለውም ጭምር እንዲደራደሩ ያስገድዳቸዋልና።

ቅጹ አልገባኝም ወይም አላመንኩትም የሚል አባል ሌላ መንገድ አለው። በቂ ምክንያት ካቀረበ የ1959ኙ ሕግ የማኅበሩን መዝገብና ደረሰኝ ራሱ የማየት መብት ይሰጠዋል፤ እምቢ ካሉትም ፍርድ ቤት ይሄዳል። ማኅበሩ ለሪፖርቱ የተጠቀመባቸውን ደረሰኞች ለ5 ዓመት ማስቀመጥ አለበት፤ የሲጋሩንም ጨምሮ።