ኮፒራይት ስትራይክ ምንድን ነው?

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተቀዳ ነበር። ስልኬ ነዘረ። ከዩቲዩብ የመጣ ኢሜይል ነው። ከፍቼ ሳነብ ስኒው እጄ ላይ ቀረ።

አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤቴ መሪጌታ ፊቴን አዩ። "ምነው ልጄ፣ መርዶ ነው እንዴ?"

"አይደለም መሪጌታ። ስትራይክ ተመትቼ ነው።"

"ምንህን?" አሉና ከላይ እስከ ታች ቃኙኝ።

እውነታቸውን ነው። እኛ ዩቲዩብ ላይ የምንለፋ ሰዎች "ተመታሁ" ስንል ለሌላው ሰው ዱላ ነው የሚመስለው። ለሳቸው ያስረዳሁትን እዚህም ልድገመው፤ የጠየቁኝ እሳቸው ብቻ አይደሉምና።

የሌላ ሰው ምስል፣ ድምፅ ወይም ሙዚቃ ያለፈቃድ ጫናችሁ እንበል። ባለቤቱ ፎርም ሞልቶ "የኔ ነው፣ አንሡልኝ" ይላል። ዩቲዩብ ቪዲዮውን ያነሣል፤ ቻናላችሁ ላይም ምልክት ያደርግበታል። ስትራይክ ማለት ይህ ምልክት ነው። አንዱ ማስጠንቀቂያ ነው። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከደረሰ ግን ቻናሉ ሊዘጋ ይችላል፤ የዓመታት ልፋት አብሮት ይሄዳል።

ብዙ ሰው ስትራይክን ከክሌም ጋር ያምታታዋል። ክሌም ቀለል ያለ ነው። ማሽኑ ራሱ ዘፈኑን ያውቀዋል፤ ቪዲዮው አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይቆይና የማስታወቂያው ገንዘብ ወደ ባለዘፈኑ ይሄዳል። የሠርግ ቪዲዮ የሚጭን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፤ ስትራይክ ከተመታችሁ በኋላ ቪዲዮውን ብታጠፉት ስትራይኩ አይነሣም። ደንግጠው የሚያጠፉ ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ።

የምኖረው ጎጃም ውስጥ፣ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች በአንዷ ነው። የትኛዋ እንደሆነች አልናገርም። ከተማዋን ከጠራሁ መሥሪያ ቤቱንም ጠራሁት ማለት ነው። ሁለተኛ ስትራይክ ደግሞ አልፈልግም።

ክረምት ላይ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕዝብ መድረክ ጠራ። አጀንዳው ውኃ ነው። ኃላፊው ማይኩን ይዘው "መስቀል ሳይደርስ ሰፈራችሁ ውኃ ይገባል" አሉ። ተጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤአለሁ። መሥሪያ ቤቱ ስብሰባውን እንዳለ በራሱ ቻናል ለቀቀው፤ ሁለት ሰዓት ከምናምን ይሆናል።

መስቀል አለፈ። ኅዳር ገባ። ከዚያ ሁሉ ወሬ 40 ሰከንድ ቆርጬ ወሰድኩ፤ ያቺን ቃል ብቻ። ከሷ ቀጥሎ የሰፈራችንን ቦኖ አስገባሁ። ቧንቧው አፍ ላይ ሸረሪት አድርታለች። ሰባት ቢጫ ጄሪካን ተሰልፏል። የመጨረሻው ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። በራሴ ድምፅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጨመርኩ፦ "የትኛው መስቀል?"

በሁለት ቀን ከሠራኋቸው ቪዲዮዎች ሁሉ በላይ ታየ። በሦስተኛው ቀን ስትራይኩ መጣ። ባለመብት ነኝ ያለው ያው መሥሪያ ቤት ነው።

ልብ በሉ፤ ዋሸህ አላሉኝም። ስማችንን አጠፋህም አላሉኝም። እንደዚያ ቢሉ መንገዱ ረጅም ነው፤ ፖሊስ አለ፣ ዐቃቤ ሕግ አለ፣ ዳኛ አለ። ስለ ጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንኳ፣ የቱንም ያህል ብንፈራው፣ ሰው የሚቀጣው በፍርድ ቤት ነው። እነሱ ያሉት "ምስሉ የኛ ነው" ብቻ ነው። ይህ ደግሞ እውነት ነው። ካሜራው የነሱ ነው። የሚያናድደውም ይሄ ነው።

ዩቲዩብ ለምን ሳይጠይቀኝ አነሣው? የአሜሪካን ሕግ ስለሚከተል ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ሕግ መሠረት፣ አቤቱታ ሲደርሰው ቶሎ የሚያነሣ ድርጅት እሱ ራሱ አይጠየቅም። ካላነሣ ግን ክስ ሊመጣበት ይችላል። እናንተስ ብትሆኑ? አንሥቶ መገላገል ይሻለዋል፤ ክርክሩ በኋላ ይደርሳል። ሙዚቀኛ ዘፈኑን ሲሰርቁበት ይህ ፍጥነት ጠቃሚ ነው፤ አልክድም። እዚሁ ከተማ የሰው ሲዲ አባዝቶ ሲሸጥ የኖረ ሰው አውቃለሁ። ችግሩ ፎርሙ ሌባን ከጠያቂ አይለይም።

በነገራችን ላይ፣ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የራሱን ፌዴራል መንግሥት የቅጂ መብት ይከለክለዋል። ሠራተኞቹ በሥራቸው ላይ የሠሩት ፎቶና ቪዲዮ የሕዝብ ነው፤ ማንም ይወስደዋል። የሌላ አገር መንግሥት መሥሪያ ቤት ግን በዚሁ ሕግ ፎርም ሞልቶ ያስነሣል። የኛዎቹ የመጀመሪያዎቹም አይደሉም። በፕሬዚዳንት ራፋኤል ኮሬያ ዘመን ኢኳዶር ውስጥ የመንግሥት ቴሌቪዥን ምስል ቆርጠው መንግሥትን የተቹ ቪዲዮዎች በዚህ መንገድ ሲነሡ ነበር።

መከራከር አይቻልም ወይ? ይቻላል። ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው 90 ቀን ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ከሳሹን "አቤቱታህን አንሣልኝ" ብሎ መለመን ነው። ሦስተኛው የተቃውሞ ማስታወቂያ፣ ማለትም "ቪዲዮዬ በስህተት ነው የተነሣው" የሚል ፎርም፣ ማስገባት ነው።

ሦስተኛውን ሞከርኩ። ማታ ላይ ፎርሙን ከፈትኩ። ሙሉ ስም። ሞላሁ። ስልክ። ሞላሁ። አድራሻ ላይ ስደርስ ከታች ያለችውን ጽሑፍ አነበብኳት፤ የሞላሁት ነገር ለከሳሹ ይላካል ትላለች። ከሷ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ አለ፦ ነገሩ ወደ ክስ ከሄደ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ለመዳኘት እስማማለሁ የሚል። ከሳሹ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ክስ መመሥረቱን ካላሳየ ቪዲዮው ይመለሳል። ከመሠረተ ግን ጉዳዩ እዚያው ነው። እንግዲህ አስቡት። ክርክሩ ስለ አንድ ቦኖ ነው። ቦኖው ከቤቴ መቶ እርምጃ አይርቅም። ዳኛው ግን ካሊፎርኒያ ሊሆን ነው።

እውነቱን ለመናገር ያስፈራኝ ካሊፎርኒያ አይደለም። አድራሻዬ ነው ያስፈራኝ። በዚህ ጊዜ፣ በዚህ አገር፣ "እኔ እገሌ፣ ቤቴ እዚህ ነው፣ ከናንተ ጋር ልከራከር ነው" ብሎ ለመሥሪያ ቤት መላክ ቀላል ነገር አይደለም። አሳሹን ዘጋሁት።

በማግሥቱ ለመሪጌታ ነገርኳቸው። እሳቸው የሚጠይቁት ሁልጊዜ ከሥሩ ነው። "ይኼ የቅጂ መብት የምትለው፣ ሲጀመር ለደራሲ ነው የወጣው ለንጉሥ?" አሉኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሲጀመር ለደራሲ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1557 የእንግሊዝ ዘውድ ለለንደን አታሚዎች ማኅበር ቻርተር ሰጠ። የማተም ሥራ በነሱ እጅ እንዲሆን ተፈቀደላቸው፤ በምላሹ ያልተፈቀደ መጽሐፍ እያሰሱ ይይዛሉ። አታሚው ገበያውን አገኘ፣ ዘውዱ ደግሞ ዘበኛ አገኘ። ያለፈቃድ ማተምን የሚከለክለው ሕግ በ1695 ሲያበቃ አታሚዎቹ ሌላ ዘዴ ፈለጉ፤ በ1710 በወጣው ሕግ መብቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በደራሲው ስም ተጻፈ፤ ለ14 ዓመት፣ ከዚያ በሕይወት ካለ ለሌላ 14 ዓመት። እና የቅጂ መብትና ሳንሱር ከአንድ ቤት ነው የወጡት። አንዳንዴ ቢሳሳቱ፣ አንዱ በሌላው በር ቢገባ ብዙም አይገርምም።

እኛ ዘንድ ሳንሱር በይፋ የቀረው በፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34/1985 ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 የቅድሚያ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ከልክሏል። ስትራይክ ግን "ቅድሚያ" አይደለም፤ ከወጣ በኋላ ነው የሚመጣው። ደግሞ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲዘጋ ማን ምን አለ? ያኔ ሁላችንም አንድ ላይ ነው የተመታነው፤ ፎርም እንኳ የሞላ የለም።

የራሳችን ሕግ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በኋላ በቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ሳነበው ከጠበቅኩት በላይ ለዘብ ያለ ሆኖ አገኘሁት። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ለማስተማር መቅዳት፣ ምንጭ ጠቅሶ በልኩ መጥቀስ ይፈቀዳል። ሕግና የአስተዳደር ይፋዊ ጽሑፍ ጥበቃ የለውም፤ የቀበሌን ማስታወቂያ ገልብጣችሁ ብትለጥፉ ማንም የኔ ነው ሊላችሁ አይችልም። የስብሰባ ቪዲዮ ግን ጽሑፍ አይደለም። እዚያ ላይ አዋጁ ስሙን ጠርቶ አይናገርም።

ሁለት ነገር ለመሪጌታ አነበብኩላቸው። አንደኛው፣ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ሲጻፍ ወይም ሲቀረጽ ነው።

"ቅኔስ?" አሉ ወዲያው።

"በቃል ብቻ ከሆነ አይጠበቅም።"

ሳቁ። ልጅ ሆነው ቆሎ እየለመኑ ዋሸራ ድረስ ሄደው የተማሩ ሰው ናቸው። ቅኔ ቤት ውስጥ ወረቀት የለም። ተማሪው ጉባኤ ቃና ከሚባለው አጭር ቅኔ ጀምሮ በልቡ ይቆጥራል፣ ከዚያ የኔታ ፊት ይላል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያለ ተማሪ ፊቱን የት እንደሚያደርግ አያውቅም፤ ስትራይኩ ጓደኞቹ ዓይን ውስጥ ነው ያለው። የሚገርመው ደግሞ አዲስ ቅኔ መፍጠር ስሙ "ዘረፋ" ነው። "ቅኔ ዘረፈ" ካላችሁ አመሰገናችሁት እንጂ አልከሰሳችሁትም።

ሁለተኛው፣ ሐሳብ ወይም እንዲሁ መረጃ ጥበቃ የለውም። የተጠበቀው ምስሉና ድምፁ ነው። "መስቀል ሳይደርስ ውኃ ይገባል" ተብሎ ቃል መገባቱ የማንም ንብረት አይደለም።

መሪጌታ ስኒያቸውን አስቀመጡ። "ታዲያ ምስሉን ምን ያደርግልሃል?" አሉኝ።

የዚያን ቀን ከሰዓት ቦኖው ጋ ሄድኩ። ስልኬን ጄሪካን ላይ አስደግፌ ቆምኩ። ስብሰባው የተደረገበትን ቀን ተናገርኩ። ኃላፊው ያሉትን ቃል በቃል፣ በራሴ አፍ አልኩት። ጭብጨባውንም አልተውኩትም፤ ልጅቷ ከኋላዬ አጨበጨበችልኝ። ከነሱ ካሜራ አንድ ሰከንድ የለበትም።

ጭኜው ማታ ለመሪጌታ አሳየኋቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው እስከ መጨረሻው አዩትና መለሱልኝ።

"አሁን ገና ዘረፍክ" አሉኝ።