ዊልሄልም ኮንራድ ሮንትገን፦ ሕይወቱና የምርምር ሥራው

ዊልሄልም ኮንራድ ሮንትገን ዛሬ በየሆስፒታሉ «ራጅ» እያልን የምንጠራውን ጨረር በ1895 ያገኘና በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተቀበለ ጀርመናዊ የሙከራ ፊዚክስ ሊቅ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ራጅ የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከጣልያንኛ ሲሆን ትርጉሙም ጨረሮች ማለት ነው፤ በጀርመን ግን ምርመራው እስከ ዛሬ የሚጠራው በራሱ በሮንትገን ስም ነው። ግኝቱ ብዙ ጊዜ እንደ ድንገተኛ ዕድል ይተረካል። ከዚያ በፊት በቤተ ሙከራ ያሳለፋቸው ሃያ አምስት ያህል ዓመታት ካልተነገሩ ግን ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል።

ሮንትገን ማርች 27 ቀን 1845 በፕሩሺያ ራይን ግዛት፣ ዛሬ የሬምሻይድ ከተማ አካል በሆነችው በሌኔፕ ተወለደ። ለወላጆቹ አንድ ልጅ ነበር፤ አባቱ ጨርቅ እያመረተ ይነግድ ነበር። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ኔዘርላንድ፣ ወደ አፐልዶርን ስለ ተዛወረ ያደገው እዚያ ነው። በኡትሬክት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲማር አንድ ልጅ የመምህሩን አስቂኝ ሥዕል ሣለ፤ ሮንትገንም የሣዪውን ስም አላወጣም በማለቱ ከትምህርት ቤቱ ተባረረ። በዚህ ምክንያት ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚያስፈልገውን የምስክር ወረቀት ሳይይዝ ቀረ፤ ይህ ጉድለትም ለዓመታት እግር በእግር ተከተለው።

በር የከፈተለት የምስክር ወረቀቱን የግድ የማይጠይቀው የዙሪክ ፖሊቴክኒክ ነበር። በ1868 በመካኒካል ምሕንድስና ተመርቆ፣ በማግስቱ ዓመት ስለ ጋዞች ባቀረበው ጥናት ከዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ አገኘ። ከምሕንድስና ወደ ፊዚክስ የሳበው መምህሩ አውጉስት ኩንት ሲሆን፣ ኩንት በ1870 ወደ ቩርዝቡርግ ሲሄድ ሮንትገን ረዳቱ ሆኖ ተከተለው። የቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ግን ያ የጎደለው ወረቀት ስላልተሟላ የማስተማር ፈቃድ ነፈገው። ፈቃዱን ያገኘው በ1874 በሽትራስቡርግ ነው። ከዚያ በኋላ በሆሄንሃይም የእርሻ አካዳሚ፣ እንደገና በሽትራስቡርግ፣ ከ1879 ጀምሮም በጊሰን አስተማረ። በ1888 ቩርዝቡርግ ራሱ በፕሮፌሰርነት ጠራው፤ በ1894ም የዩኒቨርሲቲው ሬክተር ሆኖ ተመረጠ። ወረቀት የጠየቀው ተቋም በመጨረሻ በእሱ ስም የሚታወቅ መሆኑ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።

የእነዚያ ዓመታት ሥራዎቹ ለብዙኃን የሚስቡ አልነበሩም፦ የጋዞች ሙቀት የመያዝ አቅም፣ ሙቀት በክሪስታሎች ውስጥ የሚያልፍበት ሁኔታ፣ ፈሳሾች በግፊት ምን ያህል እንደሚታመቁ የመሳሰሉት ናቸው። ሁሉም ግን እጅግ ጥቃቅን ልዩነቶችን መለካት የሚጠይቁ ነበሩ። መሣሪያዎቹን አብዛኛውን ጊዜ በገዛ እጁ ይሠራ፣ ብቻውንም መሥራት ይወድ ነበር። በ1888 ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ቁስ በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ሲንቀሳቀስ መግነጢሳዊ ውጤት እንደሚፈጥር አሳየ፤ ይህም በኋላ «የሮንትገን ጅረት» ተባለ።

ዓርብ ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ምሽት፣ አየሩ ተመጥጦ በወጣ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው ኤሌክትሪክ እያሳለፈ የካቶድ ጨረርን፣ ማለትም ከቱቦው አሉታዊ የኤሌክትሪክ ጫፍ የሚወጣውን ጨረር ይመረምር ነበር። ቱቦውን ብርሃን በማያሳልፍ ጥቁር ካርቶን ሸፍኖ፣ ክፍሉንም አጨልሞ ሳለ፣ ራቅ ብሎ የተቀመጠ፣ ባሪየም ፕላቲኖሲያናይድ የሚባል ጨረር ሲያርፍበት የሚያበራ ኬሚካል የተቀባ ወረቀት ሲያበራ አየ። የካቶድ ጨረር በአየር ውስጥ ከጥቂት ሴንቲሜትር አልፎ ስለማይጓዝ መነሻው ሌላ መሆን ነበረበት። ተመሳሳይ ምልክት ከእሱ በፊት ሌሎችም ገጥሟቸዋል፤ ለምሳሌ አሜሪካዊው አርተር ጉድስፒድ በ1890 በፊላደልፊያ ሳያውቅ የራጅ ምስል አንስቶ፣ ምንነቱን ሳይመረምር አስቀምጦት ነበር። ሮንትገንን የሚለየው ቀጥሎ የመጡት ሰባት ሳምንታት ናቸው። ለማንም ሳይናገር በቤተ ሙከራው ተዘግቶ ያገኘውን ቁስ ሁሉ በቱቦውና በወረቀቱ መካከል እያስገባ ፈተሸ። አንድ ሺህ ገጽ ያህል ያለው መጽሐፍ ጨረሩን አላገደውም፤ 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው እርሳስ ግን ከሞላ ጎደል አቆመው። ማግኔትም አቅጣጫውን አላስቀየረውም። ዲሴምበር 22 ቀን የሚስቱን የአና ቤርታን እጅ አነሳ፤ አጥንቶቿና የጣት ቀለበቷ ቁልጭ ብለው ታዩ። ያን ጊዜ ምን እንዳሰበ ጋዜጠኛ ሲጠይቀው፣ አላሰብኩም፣ መረመርኩ ብሎ መለሰ።

ጽሑፉን ዲሴምበር 28 ቀን ለቩርዝቡርግ የፊዚክስና ሕክምና ማኅበር አስረከበ። ምንነቱ ስላልታወቀ ጨረሩን «ኤክስ» ብሎ ሰየመው። ወሬው በጃንዋሪ 1896 መጀመሪያ ከቪየና ጋዜጣ ተነሥቶ ዓለምን አዳረሰ፤ ጃንዋሪ 13 ቀን በንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም ፊት ሙከራውን አሳየ። ጃንዋሪ 23 ቀን በቩርዝቡርግ ባደረገው ንግግር ላይ የአናቶሚ ሊቁን የአልበርት ፎን ኮሊከርን እጅ በራጅ ሲያነሳ፣ ኮሊከር ጨረሩ በሮንትገን ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበ። ሐኪሞች ወዲያው የተሰበረ አጥንትና በአካል ውስጥ የቀረ ጥይት መፈለጊያ አደረጉት። የጨረሩ ጉዳት የታወቀው ዘግይቶ ነው፤ የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ በ1904 በዚሁ ጠንቅ ሞቷል።

ሮንትገን ግኝቱን በፓተንት አላስመዘገበም፤ የኖቤል ገንዘቡንም ለቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። የመኳንንት ማዕርግ ምልክት የሆነውን «ፎን»ም በስሙ ላይ አልጨመረም። በካቶድ ጨረር ምርምር ቀድሞት የነበረው ፊሊፕ ሌናርድ ግን የሚገባኝ ክብር ቀረብኝ ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ቂም ያዘበት። የሌናርድ ሥራ ለሙከራው መንገድ መጥረጉ እውነት ነው፤ አዲሱን ጨረር ለይቶ ያወቀው ግን ሮንትገን ነው። ስለ ጨረሩ የጻፋቸው ጽሑፎች ሦስት ብቻ ናቸው። ስለ ጨረሩ ተፈጥሮ የሰጠው ግምትም ትክክል አልነበረም፤ ራጅ እንደ ብርሃን ያለ ሞገድ መሆኑ በ1912 የተረጋገጠው እሱ ከ1900 ጀምሮ በሚያስተምርበት በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ፣ በፊዚክስ ሊቁ በማክስ ፎን ላወ ሐሳብ መነሻነት ፍሪድሪክና ክኒፒንግ በክሪስታል ባደረጉት ሙከራ ነው።

አና ቤርታ በ1919 አረፈች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው የዋጋ ንረት ያጠራቀመውን ገንዘብ ዋጋ አሳጣው። ሮንትገን ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1923 በሙኒክ በአንጀት ካንሰር ሞቶ በጊሰን በቤተሰቡ መቃብር ተቀበረ። የምርምር ማስታወሻዎቹ በኑዛዜው መሠረት ተቃጠሉ፤ በዚያች የኖቬምበር ምሽት የጻፈው ነገር ካለም አብሮ ጠፋ።