ኬሚካላዊ ለውጥ ምንድን ነው? «ፈላ» የሚለው ቃል እንዳያሳስታችሁ

ጎጃም ውስጥ አረቄ የሚወጣበት ጓዳ ገብታችሁ «ፈላ?» ብትሉ፣ የምታገኙት መልስ «የቱ?» የሚል ነው። ጋን ውስጥ የከረመው ድፍድፍ ወይስ ምድጃ ላይ የተጣደው? ሁለቱም ይንፈቀፈቃሉ፣ ሁለቱንም «ፈላ» እንላለን። በሳይንስ ግን የጋኑ ኬሚካላዊ ለውጥ ነው፣ የምድጃው አካላዊ።

መለያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ቀድሞ ያልነበረ ነገር ተፈጠረ ወይ? ውሃ ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት ያው ውሃ ነው፤ ክዳኑን ስታነሱ የሚንጠባጠበው እሱ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፣ ባሕር ዳርቻ ግን በ100። (ባሕር ዳርን ማለቴ አይደለም፤ እሷም ከፍታ አላት።)

ጋኑ ውስጥ ያለው ጉዳይ ሌላ ነው። የዳጉሳውን ስታርች የብቅሉ ኢንዛይም ወደ ስኳር ይሰባብረዋል፤ ስኳሩን ደግሞ እርሾ ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። ከእንዲህ ያለው ስኳር አንዱ የሆነው ግሉኮስ 180 ግራም ሙሉ በሙሉ ቢብላላ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ደምሩት፣ ያው 180 ነው። ክብደቱ አለ፣ ስኳሩ ግን የለም። አረፋውም እንፋሎት ሳይሆን ይኸው ጋዝ ነው፤ ጋኑን እሳት አልነካውም።

ድፍድፉ ተጥዶ፣ መቃው ተገጥሞ፣ መገጣጠሚያው ከተመረገ በኋላ የሚሆነው መለየት ብቻ ነው። አልኮል በባሕር ጠለል በ78 ዲግሪ ስለሚፈላ ከውሃው ቀድሞ ወደ እንፋሎት ያዘነብላል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ጋ ሲደርስ ተመልሶ ጠብታ ይሆናል። ብዙ ሰው አረቄን እሳት የሚሠራው ይመስለዋል። እሳቱ ጋኑ የሠራውን አወጣ እንጂ አልኮል አልፈጠረም። ከሥር የሚነደው እንጨት ግን አመድና ጭስ እየሆነ ነው፣ ያ ኬሚካላዊ ነው።

ትምህርት ቤት «ከተመለሰ አካላዊ፣ ካልተመለሰ ኬሚካላዊ» ተብለን ነበር። እኔ አልወደውም። ዳጉሳ ከተፈጨ ወደ ፍሬነቱ የሚመልሰው የለም፤ ዱቄቱ ግን ዳጉሳ ነው።

«ረጋ»ም እንደ «ፈላ» ነው። ወተት ሲረጋ ላክቶሱ (የወተቱ ስኳር) ላክቲክ አሲድ ስለሚሆን ይኮመጥጣል፦ ኬሚካላዊ። እርጎው ሲናጥ የተበተነው ስብ ይሰባሰባል እንጂ ቅቤ እንደ አዲስ አይፈጠርም፦ አካላዊ። የቀለጠ ቅቤ ማታ በብርድ ሲረጋም እንዲሁ። ለጋው ቅቤ ከርሞ በሳል ሲሆን ግን ስቡ ራሱ ይፈርሳል፤ ያ ከሩቅ የሚሸተው ቡቲሪክ አሲድ ነው፣ የዚያን ዕለት ሲናጥ ስቡ ውስጥ ታስሮ የነበረ።