ከሥራ መልስ "ትንሽ ዶርዳሽ"፦ በዋሽንግተን አካባቢ ምግብ እያደረሱ ተጨማሪ ገቢ

አርብ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከአንዱ ሬስቶራንት ደጃፍ ቆማችሁ የሚገባ የሚወጣውን ብታዩ፣ ቦርሳ አንጠልጥሎ ስልኩን እያየ የሚጠብቅ ሐበሻ አይጠፋም። ቀን ፓርኪንግ ጋራዥ ሲሠራ የዋለ ወንድም ሊሆን ይችላል። ነርሲንግ የምትማር እህት ልትሆን ትችላለች። ወይ ደግሞ ኤርፖርት የሚሠራና በዚህ ሳምንት ሺፍት የተቀነሰበት አባወራ። ብትጠይቋቸው መልሱ አንድ ነው፤ "ትንሽ ዶርዳሽ ልሥራ ብዬ ነው።"

ዶርዳሽ የሬስቶራንት ምግብ በስልክ አፕ ታዝዞ ለደንበኛ እንዲደርስ የሚያገናኝ ኩባንያ ነው፤ በእኛ አፍ ግን የሥራው ሁሉ መጠሪያ ሆኗል፤ ኡበር ኢትስ የሚሠራውም ግራብሀብ የሚሠራውም ዶርዳሽ ነው የሚባለው። ከሦስቱ አንጋፋው ግራብሀብ ነው፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ተጀመረ። ዶርዳሽን በ2013 የጀመሩት የስታንፎርድ ተማሪዎች ናቸው፤ መጀመሪያ ስሙ ፓሎ አልቶ ደሊቨሪ ነበር። ኡበር ኢትስ ደግሞ በ2014 ሳንታ ሞኒካ ላይ ኡበርፍሬሽ ተብሎ ተሞከረ። እዚህ ዲሲ ታክሲ ለብዙ ዘመን የእኛ ሰው እንጀራ ነበር። በ2011 ኡበር ሲገባ ብዙው ወደዚያ ዞረ፣ በ2020 ኮቪድ ሬስቶራንቶችን ዘግቶ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲቀመጥ ደግሞ ሰው ማመላለሱ ቀዝቅዞ ምግብ ማድረሱ ገነነ።

ሥራው ለእኛ ሰው የተመቸበት ምክንያት ግልጽ ነው። አለቃ የለም። ሰዓት የሚቆጥር የለም። ተሳፋሪ ስለሌለ እንግሊዝኛው ገና ያልተፈታለት አዲስ መጪም አይሳቀቅም። መኪናው አዲስ መሆን የለበትም፣ የ2009 ኮሮላም ይሠራል። ከተማ መሀል ያለ ሰው በሳይክልም ሊሠራ ይችላል።

ዶርዳሽ ለመጀመር 18 ዓመት መሙላት፣ መንጃ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስና ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ያስፈልጋል። ኩባንያው የወንጀልና የመንዳት ታሪካችሁን ያጣራል፣ ካለፋችሁ አፑ ይከፈታል። በዲቪ የመጣ ሰው ግሪን ካርድ ስላለው ችግር የለበትም፤ ጥገኝነት ጠይቆ የሥራ ፈቃዱ የደረሰውም እንዲሁ። ችግሩ ሌላው ጋ ነው። በኤፍ ዋን ቪዛ ያለ ተማሪ ይህን ሥራ መሥራት አይፈቀድለትም፤ "የጎን ሥራ ናት፣ ማን ያየኛል" የሚባል ነገር የለም፣ ስታተስን የሚያበላሽ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው አለ፤ አካውንት መከራየት። በየቡና ቤቱ "የዘመዴን አካውንት በሳምንት ይሄን ያህል እየከፈልኩ" የሚል ወሬ ትሰማላችሁ። እባካችሁ አታድርጉት። አፑ በየመሀሉ ፊታችሁን በሴልፊ ይጠይቃል፣ ፊቱ ካልገጠመ አካውንቱ ይዘጋል። በዓመቱ መጨረሻ የታክስ ወረቀቱ የሚመጣው በባለቤቱ ስም ነው፣ ያላገኘውን ገቢ ይከፍላል። አደጋ ቢደርስ ደግሞ በሰው ስም የሚነዳ ሰው የትኛው ኢንሹራንስ ጋ ይሄዳል? ለአከራዩም ለተከራዩም መጥፎ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ገና የመጣው፣ ምርጫ የሌለው ሰው መሆኑ ደግሞ ያንገበግባል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ኦርደር ሲመጣ ስልኩ ላይ የምግብ ቤቱ ስም፣ የማይሉ ርዝመትና ቢያንስ የምታገኙት ገንዘብ ይታያል። ለመወሰን ያላችሁ ጊዜ ሰከንዶች ናቸው። ክፍያው ሁለት ክፍል አለው፤ ኩባንያው የሚከፍለው ቤዝ ፔይና ደንበኛው የሚሰጠው ቲፕ። የዶርዳሽ ቤዝ ከ2 ዶላር ይጀምራል፣ አብዛኛው ኦርደር ላይም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ልክ እንደ ሬስቶራንት አስተናጋጅ እውነተኛው ደመወዝ ቲፑ ነው። ሥራ ሲበዛና ሰው ሲጠፋ በየኦርደሩ ላይ ጭማሪ ይደረጋል፣ ፒክ ፔይ ይሉታል። "በሰዓት ይከፈለኝ" ብሎ መምረጥም ይቻላል፤ ነገር ግን ሰዓቱ የሚቆጠረው ኦርደር ከተቀበላችሁበት እስክታደርሱ ብቻ ነው፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብላችሁ የጠበቃችሁት አይቆጠርም።

ልምድ ያላቸው ሰዎች አንድ ልኬት አላቸው፤ ቢያንስ በማይል 2 ዶላር። 3 ማይል 7 ዶላር ከሆነ እሺ። 9 ማይል 6 ዶላር ከሆነ ዲክላይን። አዲስ ሰው ዲክላይን ማድረግ ይከብደዋል፤ እኛ ሥራ መጥቶ እምቢ ማለት ያላደግንበት ነገር ስለሆነ መሰለኝ። ግን 9 ማይል ሄዳችሁ ባዶአችሁን 9 ማይል ትመለሳላችሁ፣ ማንም አይከፍላችሁም። አለመቀበል አካውንት አያዘጋም፤ ከፍተኛ ክፍያ ላላቸው ኦርደሮች ያላችሁን ቅድሚያ ሊቀንስ ግን ይችላል። አካውንት የሚያዘጋው ተቀብሎ መተው ነው፤ ዶርዳሽ ላይ የተቀበላችሁትን የመጨረስ መጠንም ሆነ ደንበኛ የሚሰጣችሁ ሬቲንግ ኩባንያው ካስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ መውረድ የለባቸውም።

ሰዓቱን ማወቅ ግማሹ ሥራ ነው። በአሜሪካ አቆጣጠር ከ11 ጠዋት እስከ 2፣ ከዚያ ከ5 እስከ 9 ማታ። በመሀሉ መንዳት ጋዝ ማቃጠል ነው። አርብ፣ ቅዳሜና በተለይ እሑድ ማታ ይሻላል። ዝናብና በረዶ ሲሆን ሰው ከቤት አይወጣም፣ ኦርደሩ ይጎርፋል፤ መንገዱ ግን ያንሸራትታል፣ ስለዚህ ጎማችሁን ሳታዩ አትውጡ። እኔ ቤተስዳን እመርጣለሁ፣ ምግብ ቤቱም ቤቱም ተቀራራቢ ስለሆነ። አርሊንግተን ውስጥ ክላረንደንና ቦልስተንም ጥሩ ናቸው፣ ግን ፎቁ ብዙ ነው። እንግዳ ተቀባዩ፣ ሊፍቱ፣ ረጅሙ ኮሪደር፣ አንድ ፎቅ ላይ አሥር ደቂቃ ይበላሉ። የድሮዎቹ ዝቅ ያሉ አፓርትመንቶች ደግሞ ሌላ ፈተና አላቸው፤ የሕንፃው ቁጥር ማታ አይታይም። ትንሽ የእጅ ባትሪ መያዝ ያዋጣል።

ዲሲ ውስጥ ስትገቡ የፍጥነት ካሜራውን አትርሱ። ከ2020 ጀምሮ ምልክት ያልተለጠፈበት የሰፈር መንገድ ሁሉ የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 20 ማይል ነው። ከዚያ በ11 ማይል ያለፈ ሰው በካሜራ የሚላክለት ቅጣት 100 ዶላር ነው። የአንድ ሙሉ ምሽት ልፋት በአንድ ብልጭታ! ቨርጂኒያ ስትሻገሩ ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ በሕግ ክልክል ነው፣ የመጀመሪያው ቅጣት 125 ዶላር። ሥራው ደግሞ በስልክ ነው፤ ስለዚህ 15 ዶላር የማይሞላ የስልክ ማቆሚያ ዳሽቦርዱ ላይ ግጠሙ።

ሰው በጣም የሚሳሳተው ግን ሒሳቡ ላይ ነው። አፑ "በዚህ ሳምንት 310 ዶላር" ሲላችሁ፣ ያ ገንዘብ ገና የእናንተ አይደለም። በሕግ ዓይን እናንተ ተቀጣሪ አይደላችሁም፣ የራሳችሁ ቢዝነስ ናችሁ። ማንም ታክስ አይቀንስላችሁም። ጋዙ፣ ዘይቱ፣ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ መኪናው በየማይሉ የሚያጣው ዋጋ፣ ሁሉም ከኪሳችሁ ነው። የዓመት ትርፋችሁ 400 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ 15.3 በመቶ የራስ ሥራ ታክስ አለ። ተቀጣሪ ቢሆኑ ግማሹን አሠሪው የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና) ገንዘብ ነው፤ እዚህ ሁለቱም ወገን እናንተ ስለሆናችሁ ሁሉንም ትከፍላላችሁ። ኢንካም ታክሱ ከዚህ ውጭ ነው።

መድኃኒቱ ማይል መመዝገብ ነው። የአሜሪካው ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ ለሥራ ለነዳችሁት እያንዳንዱ ማይል በ2024 67 ሳንቲም፣ በ2025 ደግሞ 70 ሳንቲም ከገቢያችሁ እንድትቀንሱ ይፈቅዳል። በቁጥር እንየው። አንድ ሰው በ2025 ከአፑ 14,000 ዶላር አገኘ እንበል፣ ለሥራው 10,000 ማይል ነዳ። 10,000 ማይል በ70 ሳንቲም 7,000 ዶላር ነው። ታክሱ የሚታሰበው በቀረው 7,000 ላይ ይሆናል፣ የራስ ሥራ ታክሱም ወደ 990 ዶላር ይመጣል። ይኸው ሰው ማይሉን ባይመዘግብና ሌላ ወጪም ባያቀርብ ወደ 1,980 ዶላር ይከፍላል፤ ኢንካም ታክሱ ላይም እንዲሁ ይጨመርበታል። ደብተር አለመያዝ ብቻ ወደ ሺህ ዶላር አስከፈለው ማለት ነው። ብዙ ወገኖቼ ኤፕሪል ላይ ታክስ ሠሪው ፊት ተቀምጠው "ማይል ስንት ነው?" ሲባሉ ጣሪያ ጣሪያ ሲያዩ አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝናል።

ቀኑን፣ የት እንደሄዳችሁና ማይሉን መጻፍ በቂ ነው። በደብተርም ይሁን በስልክ አፕ፣ ዋናው በየቀኑ መሆኑ ነው። ከቤታችሁ እስከ ሥራ መጀመሪያው ቦታ ያለው ግን እንደ ማንኛውም ወደ ሥራ ጉዞ ሊታይ ስለሚችል ታክስ ሠሪያችሁን ጠይቁ። ማይሉን ከቀነሳችሁ ጋዙንና ጥገናውን እንደገና መቀነስ አይቻልም፣ እዚያው ውስጥ ተቆጥሯል። ከ2025 እስከ 2028 ደግሞ በዓመት እስከ 25,000 ዶላር ቲፕ ከኢንካም ታክስ እንዲቀነስ የሚፈቅድ ሕግ ወጥቷል፣ ምግብ አድራሾችንም ይጨምራል። 15.3ቱን ግን አይነካም። የሚከፈለውንም እስከ ኤፕሪል አጠራቅሞ መደንገጥ ሳይሆን በዓመት አራት ጊዜ፣ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ አጋማሽ መክፈል ነው። ከየሳምንቱ ክፍያ ሩብ ያህሉን ሌላ አካውንት ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው አይቸገርም።

ኢንሹራንስ ሌላው ዝም የሚባል ጉዳይ ነው። ተራው የመኪና ኢንሹራንስ በአብዛኛው በክፍያ ዕቃ ስታደርሱ የደረሰን አደጋ አይሸፍንም። ኩባንያዎቹ ኦርደር ይዛችሁ እያለ በሌላ ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚሆን ሽፋን አላቸው፣ የራሳችሁን መኪና ማሠሪያ ግን ከዚያ አትጠብቁ። ኢንሹራንሳችሁ ጋ ደውላችሁ የደሊቨሪ ሽፋን እንዲጨምሩ ጠይቁ። በወር የሚጨመረው ከአንድ አደጋ ጋር አይወዳደርም።

ደኅንነትም አለ። በማርች 2021 ዲሲ ውስጥ ናሽናልስ ፓርክ ስታዲየም አጠገብ፣ ለኡበር ኢትስ ምግብ ያደርስ የነበረ አንድ ስደተኛ አባት መኪናውን ሊቀሙት በሞከሩ ሁለት ታዳጊ ልጃገረዶች ምክንያት ሕይወቱን አጣ። ያኔ ብዙዎቻችን ሥራውን ለሳምንታት ትተን ነበር። ሞተር አስነስቶ "መጣሁ" ብሎ መውረድ ትልቁ ስሕተት ነው። አጥፉት፣ ቁልፉን ያዙ፣ ቆልፉ። ሊነጥቃችሁ የመጣ ሰው ካለም መኪናውን ስጡት፤ ብረት ነው።

ስለ ክፍያው ሕጉ በየከተማው ይለያያል። ዶርዳሽ ቀደም ሲል ደንበኛ የሰጠውን ቲፕ ለራሱ ቃል የገባውን ክፍያ ለመሙላት ይጠቀምበት ነበር፤ የዲሲ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ከስሶ በ2020 በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ፣ ኩባንያው አሠራሩን የቀየረው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በ2019 ነበር። ኒው ዮርክ ከተማ ለምግብ አድራሾች ዝቅተኛ ክፍያ ደንግጋ በ2025 ኤፕሪል በሰዓት 21.44 ዶላር አድርሳዋለች። ብዙ የእኛ ሰው ያለባት ሲያትልም ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በደቂቃና በማይል የሚታሰብ ዝቅተኛ ክፍያ አላት፤ ኩባንያዎቹ ግን ወዲያው ደንበኛው ላይ ተጨማሪ ዋጋ ጣሉ፣ ኦርደሩም ቀነሰ። በየኦርደሩ የሚከፈለው ከፍ ብሎ የሚጠበቀው ሰዓት ረዘመ። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕግ ስለሌለ አሁንም እጃችሁ ያለው ቲፑና ዲክላይን የምትለዋ ቁልፍ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከገንዘቡ ውጭ። ዲሲ ዘጠነኛው ጎዳናም ሆነ ቨርጂኒያ ስካይላይን ካለ ሐበሻ ቤት ኦርደር ሲመጣ ተጠንቅቃችሁ ያዙት፣ እንጀራው ላይ የተደረገ ወጥ እንደ ፒዛ አይደለም፣ ትንሽ ካዘነበለ ይፈሳል። እኔ ከኋላ ወንበር አውርጄ ወለሉ ላይ ጠፍጣፋ ካርቶን ላይ ነው የማስቀምጠው። በሁዳዴ ደግሞ በባዶ ሆድ ሆኖ የተጠበሰ ሥጋ ሽታ በሞላበት መኪና ውስጥ ማታ ድረስ መዞር ከባድ ነው። መስኮቱን ትንሽ ከፍቼ፣ ሽሮዬን በቴርሞስ ይዤ፣ እንዲያ ነው የማሳልፈው።