«ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶው ደን ነበር» የሚባለው ነገር

ይህ ቁጥር የማይጠቀስበት ስብሰባ የለም። ችግኝ ተከላ ሲከፈት ይነበባል፣ በሬዲዮ ይነገራል፣ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍም በእሱ ይጀምራል። «ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ የቀረው 3 በመቶ ነው» ይባላል። እኔ የደን ባለሙያ ነኝ። የምኖረውም የምሠራውም ሰበታ፣ ከወጨጫ ተራራ ግርጌ ነው። ደን እንደሚጨፈጨፍ በየቀኑ አያለሁ። ይህ አባባል ግን ስህተት ነው፤ ጉዳትም አለው።

እስቲ ማን ለካው? አገራችን የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያየችው በ1921 ዓ.ም. ነው። ሳተላይት የምድርን ደን መቃኘት የጀመረው ከዚያ ከአርባ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። በምኒልክ ዘመን የአገሩን ደን ዞሮ የለካ ሰው የለም። ጄምስ ማካን የተባለ አሜሪካዊ የታሪክ ተመራማሪ የቁጥሩን ምንጭ ወደ ኋላ እየተከተለ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጥናት ከጀርባው ልኬት እንደሌለ አሳየ። አንዱ ሪፖርት ከሌላው ሲገለብጥ ነው እዚህ የደረሰው። 3 በመቶውም ቢሆን «ደን» ብለን በምንቆጥረው ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። በ2007 ዓ.ም. ትርጉሙ ሰፍቶ ደረቅ ጫካና ቀርከሃ ሲገባበት፣ በይፋ የሚጠቀሰው 15 በመቶ ግድም ሆኗል።

መሬቱ ራሱ የሚናገረው ታሪክ ሌላ ነው። ወሎ ውስጥ ከሐይቅና ከሐርዲቦ ሐይቆች ሥር ጭቃ ወጥቶ፣ በየዘመኑ የተቀበረው የአበባ ብናኝ ተመርምሯል። የዝግባውና የጥዱ ደን የተመነጠረው ከ2500 ዓመት በፊት ገደማ ነው። ከዚያ ለረጅም ዘመን ቁጥቋጦና ሣር ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጥዱ ከወይራ ጋር ተመልሶ መጣ። ከዚያ እንደገና ሳሳ። ትግራይንም ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1868 አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ እያነሳ ነበር የተጓዘው። ተመራማሪዎች ከ140 ዓመት በኋላ እዚያው ቦታ ቆመው ሲያነሱ፣ ብዙው ቦታ ላይ የዛሬው ዛፍ ከያኔው በልጦ ተገኘ።

አንድ ስብሰባ ላይ ይኸው ቁጥር እንደተለመደው ሲነበብ አንድ አዛውንት ገበሬ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ያ ዛሬ ዛፍ የለበሰው ጋራ እኮ የአያቴ የገብስ ማሳ ነበር» አሉ። ሰብሳቢው አመሰገናቸውና ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፈ። በጣም አዘንኩ። ከአዳራሹ ሁሉ በዓይኑ ያየውን የተናገረው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። ደኑ እስከ አያቶቻችን ድረስ ሞልቶ ነበር ካልን፣ ጥፋተኛው መጥረቢያ የያዘው ገበሬ ብቻ ይሆናል። ሰው ደን መልሶ እንደሚያመጣም እንረሳለን። የመናገሻ ሱባን ደን «ተፈጥሮ የሰጠን» ሲሉ እሰማለሁ። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ ግን በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው አስተከሉት ይላል። እስከ ዛሬ የቆየውም ጠባቂ ስለነበረው ነው።

«እንጦጦን ያራቆተው ባህር ዛፍ ነው» የሚሉም አሉ። የተገላቢጦሽ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረችና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቤትና ለማገዶ ዙሪያዋን ጨረሰችው። ምኒልክ ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር፤ ሐሳቡ ሲቀር ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከአውስትራሊያ የመጣው ባህር ዛፍ ቶሎ አድጎ፣ ተቆርጦም ከጉቶው እያቆጠቆጠ ከተማዋን ባለችበት አቆያት። ውኃ ይጠጣል፣ ያ እውነት ነው። ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። ጎረቤቴ ምንጭ አፍ ላይ ተክሎት ዛሬ በጋ በጋ ጀሪካን ተሸክሞ ውኃ ፍለጋ ይሄዳል። ዳገት ላይ፣ ለአጥርና ለማገዶ ትከሉት። ከምንጭና ከወንዝ ዳር አርቁት።

«ድርቅና ረሃብ ሁሉ ዛፍ ስለቆረጥን ነው።» አይደለም። «ክፉ ቀን» በተባለው በምኒልክ ዘመን ረሃብ በሬውን የፈጀው፣ ጣልያኖች በምፅዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው «ደስታ» የሚባለው የከብት ወረርሽኝ ነው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ። የ2008ቱ ድርቅ ደግሞ ከኤልኒኖ፣ ማለትም ከሰላማዊ ውቅያኖስ መሞቅ ጋር የተያያዘ ነው። ዛፍ ስንቆርጥ አፈራችን ይታጠባል፣ ጎርፍ ይበረታል። ለመትከል እሱ በቂ ምክንያት ነው።

«የአየር ንብረት ለውጥ የነጮች አዲስ ወሬ ነው።» አዲስ አይደለም። ስዊድናዊው ሳይንቲስት አሬኒየስ የከሰል ጭስ ምድርን ምን ያህል ሊያሞቅ እንደሚችል አስልቶ ያሳተመው ከአድዋ ድል አንድ ወር ግድም በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም. ነው።

«ዓለምን ያሞቀው የእኛ ከሰል ማክሰል ነው» የሚለውም ልክ አይደለም። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከሚሊዮን 280 እጅ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። አብዛኛው የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ጭስ ነው። የመላው አፍሪካ ድርሻ በዓመት ከዓለም 4 በመቶ ግድም ብቻ ነው።

የመጨረሻው «ተከልን፣ ደን ሆነ» የሚለው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። ችግኙን የሚገድለው ግን በጋው ነው። እባካችሁ ላስቲኩን ሳታወልቁ አትትከሉ፤ ሥሩ ታፍኖ ይቀራል። ዝናቡ እንዳቆመ ዙሪያውን ኮትኩቱና ሣር አልብሱት። ከብትና ፍየል እንዳይደርስበት እሾህ አጥር አድርጉለት። ጥድና ወይራ ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት በጋዎች የሚያጠጣው ሰው፣ በስም ተጠርቶ፣ ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት ይታወቅ።