የዳርዊን ሐሳብና የስፔን ልቦለድ ሴቶች፦ መራጩ ማነው?

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተጻፉ የስፔን እውነታዊ ልቦለዶች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሳሉ። ሴት ሕይወቷን ራሷ ትመርጣለች ወይስ ሌሎች ይመርጡላታል? ጥያቄው የቆየ ነው። ያን ጊዜ አዲስ ጉልበት የሰጠው፣ ሕያዋን ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተለወጡ መጡ የሚለው የእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ የቻርልስ ዳርዊን የዝግመተ ለውጥ ሐሳብ ነው።

የዳርዊን ሐሳብ ስፔን ውስጥ በግልጽ መወራት የጀመረው ንግሥቲቱን ከዙፋን ካወረደው ከ1868ቱ አብዮት በኋላ ነው (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዳርዊን በ1871 ስለ ሰው አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ፣ በብዙ እንስሳት ዘንድ ሴቷ ወንዱን ትመርጣለች ይላል፤ ሰው ላይ ሲደርስ ግን የመምረጡን ሥልጣን ወንዱ ወስዶታል፣ በአእምሮም ወንዱ ይበልጣል ብሎ ጻፈ። ይህ ለልቦለድ ጸሐፊ ትልቅ ሲሳይ ነው።

ከሁሉ በላይ የተጠቀመችበት ስፔናዊቷ ደራሲ ኤሚሊያ ፓርዶ ባሳን ናት። በ1851 አ ኮሩኛ በተባለች የስፔን ከተማ የተወለደች አጥባቂ ካቶሊክ ስትሆን፣ በ1877 ዳርዊንን የሚቃወሙ ጽሑፎች አውጥታለች። ቢሆንም ሐሳቡን አልተወችውም። በ1886 በታተመው ልቦለዷ በ«ሎስ ፓሶስ ዴ ኡዮአ» ውስጥ ዶን ፔድሮ የሚባል የገጠር ባላባት ሚስት ፍለጋ አጎቱ ቤት ይሄዳል። ከአጎቱ ሴቶች ልጆች መካከል ዓይኑ ሪታ ላይ ያርፋል፤ ጠንካራና ሙሉ ሰውነቷን አይቶ «ይቺ ጤነኛ ወራሽ ትወልድልኛለች» ብሎ ያስባል፣ ልክ ከብት ገበያ እንደወጣ ሰው። በመጨረሻ በቄሱ በኹሊያን ምክር ደካማዋን ኑቻን ያገባል። ኑቻ የወለደችው ሴት ልጅ ነው። ባልየው ፊቱን አዞረባት። ልጇን ይዛ ለማምለጥ ብታስብም አልተሳካላትም። እኔን እዚህ ላይ የሚገርመኝ፣ ደራሲዋ «ተፈጥሮ ነው» ብላ አለማለፏ ነው፤ ኑቻን የሰበራት ደካማ ሰውነቷ ብቻ ሳይሆን ወራሽ ወንድ ልጅ ካልወለድሽ ዋጋ የለሽም የሚለው ቤት ጭምር እንደሆነ በደንብ ታሳያለች።

የሌላው ስፔናዊ ደራሲ የቤኒቶ ፔሬስ ጋልዶስ ልቦለድ «ትሪስታና» በ1892 ወጣ። ትሪስታና ወላጆቿ ሲሞቱ ዶን ሎፔ የሚባል ሽማግሌ አሳድጋታለሁ ብሎ ወስዶ መጫወቻው ያደረጋት ልጅ ናት። በሥራዋ መተዳደር፣ ሳታገባም ተከብራ መኖር ትፈልጋለች። በመሃል ታማ እግሯ ይቆረጣል፣ መጨረሻ ላይ ያንኑ ሽማግሌ አግብታ ኬክ ስትጋግር እናያታለን። ፓርዶ ባሳን በዚያው ዓመት ራሷ በምታሳትመው መጽሔት ላይ ልቦለዱን ገመገመችው፤ ዋናው ጉዳይ የሴት መንቃት ሆኖ ሳለ ጋልዶስ ጀምሮ ተወው አለች። ልክ ናት፣ መጽሐፉ ግን እኔ ዘንድ አሁንም ያማል።

ፓርዶ ባሳን የራሷን መልስ በ1896 ሰጠች፣ «የወንደላጤ ማስታወሻ» ልትሉት በምትችሉት ልቦለድ። ፌይታ ኔይራ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፣ መንገድ ላይ ብቻዋን ትሄዳለች፣ አስተምራ ገንዘብ ታገኛለች፤ ተራኪው ማውሮ መጀመሪያ ቢንቃትም በኋላ ይወዳታል። የጋብቻ ጥያቄውን እምቢ ትለዋለች። እሺ ያለችው ቤተሰቧ ችግር ላይ ከወደቀ በኋላ ነው።